ጊዜያዊ ስትሮክ፦ የሚያልፍ ሕመም፣ የማይታለፍ ማስጠንቀቂያ

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ለአባላትና ለአመራር አካላት የቀረበ ንግግር)








በእንዲህ ዓይነት በዓል ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው ስለ ኩንታል ነው። ስንት ኩንታል ማዳበሪያ እንደቀረበ፣ ስንት ኩንታል ስንዴ እንደተሰበሰበ፣ ለአባላት የተከፋፈለው ትርፍ ስንት እንደደረሰ ይዘረዘራል። ይህም ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ በየዓመቱ ሪፖርት ውስጥ ሳይገባ የሚቀር አንድ ኪሳራ አለ። እርሱም እጁ ብርቱ፣ እግሩ ጠንካራ የነበረ አባል አንድ ቀን ጧት ግማሽ ጎኑ አልታዘዝ ብሎት ከእርሻው ሲቀር የሚደርሰው ኪሳራ ነው። በሬዎቹ አሉ፤ መሬቱ አለ፤ ምርጥ ዘሩም በመጋዘን ተቀምጧል። ዕርፉን የሚጨብጠው እጅ ግን የለም። ልጅ ከትምህርት ቤት ቀርቶ ያርሳል፤ ሚስት ቀን ከሌት ታማሚ ታነሳለች፣ ታስተኛለች፤ መሬቱም ለእኩል አራሽ ይሰጣል።

የኅብረት ሥራ ማኅበራት ከሚመሩባቸው 7 ዓለም አቀፍ መርሆዎች ውስጥ አምስተኛው ትምህርት፣ ሥልጠናና መረጃ መስጠት ሲሆን፣ ሰባተኛው ለማኅበረሰቡ ማሰብ ነው። በመሆኑም በዚህ የበዓል ቀን ስለ አንድ የጤና ጉዳይ መነጋገር ከማኅበሩ ዓላማ የወጣ አይደለም። ርዕሱ ስለ ጊዜያዊ ስትሮክ፣ አንዳንዶች ሚኒ ስትሮክ ስለሚሉት፣ ስለ ምልክቱ፣ ስለ ሕክምናውና ስለ መከላከያው ነው።

አንድ ምሳሌ

ለትምህርት እንዲሆን የሚከተለው ምሳሌ ይታይ። ወቅቱ የመኸር ምርት የሚሰበሰብበት ነው። ዕድሜያቸው ከ50 ጥቂት ያለፈ አንድ አርሶ አደር በአህያ ያመጡትን ስንዴ በማኅበሩ መጋዘን በር ላይ አራግፈው ሚዛን ይጠባበቃሉ። ተራቸው ደርሶ የጆንያውን ሲባጎ ሊፈቱ ሲሉ ቀኝ እጃቸው አልጨብጥ አለ። መጋዘን ጠባቂው ወጣት ይህን አይቶ፣ «ጋሼ፣ ምነው? አመመዎት እንዴ?» ብሎ ጠየቃቸው። ሊመልሱለት ቢሞክሩም ቃሉ በአፋቸው ውስጥ ተድበሰበሰ፤ የከንፈራቸውም አንዱ ጎን ወደ ታች ወረደ። ሰዎች ደግፈው ጥላ ሥር አስቀመጧቸው።

ሩብ ሰዓት ያህል እንዳለፈ እጃቸው ተመለሰ፤ አንደበታቸውም ተፈታ። «ምንም አይደል ልጄ፣ ምች ነው፤ ፀሐዩ ነው። ይልቅ ሚዛኑን ጨርስልኝ» አሉ። ስንዴው ተመዘነ፤ ደረሰኝ ተቆረጠ፤ እርሳቸውም አህያቸውን ነድተው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ባለቤታቸው የሆነውን ከጎረቤት ሰምተው «ኧረ ጤና ጣቢያ ይሂዱ» ቢሏቸው «በመጀመሪያ ውቂያው ይጠናቀቅ» የሚል መልስ ሰጡ። በሦስተኛው ቀን ጧት ከመደባቸው ሊነሱ አልቻሉም። በዚህ ጊዜ ቀኝ እጃቸውና ቀኝ እግራቸው በሩብ ሰዓት አልተመለሱም።

በመጋዘኑ በር ላይ የታየው ነገር ምች አልነበረም። ጊዜያዊ ስትሮክ ነበር። በሦስተኛው ቀን የመጣው ደግሞ ዋናው ስትሮክ ነው። በሁለቱ መካከል ያለፉት ቀናት ብዙ ሊሠራባቸው ይቻል የነበሩ ቀናት ናቸው።

ጊዜያዊ ስትሮክ ምንድን ነው?

የሰው አንጎል ከጠቅላላ የሰውነት ክብደት 2 በመቶ ያህል ብቻ ቢሆንም ሰውነት ከሚጠቀመው ኦክስጅን 20 በመቶ ያህሉን የሚወስደው እርሱ ነው። ይህ ኦክስጅን የሚደርሰው በደም አማካይነት ነው። ደም ለአፍታ እንኳ ቢቋረጥበት አንጎል እንደ ሌላው የሰውነት ክፍል ታግሦ መቆየት አይችልም።

ይህን በመስኖ ቦይ መመሰል ይቻላል። ቦዩ በደለል ሲጠብ ውኃው ይቀንሳል፤ ደለሉ ተገፍቶ አንዱን ጉርጥ ሲደፍን ደግሞ ከዚያ በታች ያለው ማሳ ይደርቃል። በሰውነትም ውስጥ ከዓመታት የደም ግፊት፣ ከትንባሆ፣ ከስኳር በሽታና ከመሳሰሉት የተነሣ የደም ሥር ግድግዳ ይጎዳል፤ ስብ ይለጠፍበታል፤ ደም ይረጋበታል። የረጋው ደም ከአንገት የደም ሥር ወይም ከልብ ተነሥቶ ወደ አንጎል ሲሄድ ቀጭኑን የደም ሥር ይደፍነዋል። ደፍኖት ከቀረ ስትሮክ ይባላል። ወዲያው ሟሙቶ ወይም ተገፍቶ መንገዱ ከተከፈተና የአንጎሉ ክፍል ሳይሞት ከተረፈ ጊዜያዊ ስትሮክ ይባላል።

አብዛኛው ጊዜያዊ ስትሮክ ለጥቂት ደቂቃዎች ይቆያል፤ ከአንድ ሰዓት በላይ የሚዘልቀው ጥቂቱ ነው። ቀድሞ በ24 ሰዓት ውስጥ የለቀቀ ሁሉ ጊዜያዊ ይባል ነበር። ዛሬ ግን ምልክቱ በቶሎ ቢለቅም አንጎል ላይ ጠባሳ ጥሎ ሊሆን እንደሚችል በምርመራ ተረጋግጧል። ስለዚህ ምልክቱ የታየበት ሰው «ይህ ይለቃል ወይስ አይለቅም» ብሎ ሰዓት ቆጥሮ መጠበቅ የለበትም።

ምልክቶቹ

የጊዜያዊ ስትሮክና የዋናው ስትሮክ ምልክቶች አንድ ናቸው። የሚለዩት በቆይታቸው ብቻ ነው። ዋና ዋናዎቹ የሚከተሉት ናቸው።

1ኛ. ፊት፦ ሰውየው ፈገግ እንዲል ሲጠየቅ የፊቱ ወይም የከንፈሩ አንድ ጎን ወደ ታች መውረድ፤
2ኛ. እጅ፦ ሁለቱንም እጆቹን ወደ ፊት ዘርግቶ እንዲይዝ ሲጠየቅ አንዱ መውደቅ፤ እንዲሁም የአንድ ጎን እጅ ወይም እግር መዛል ወይም መደንዘዝ፤
3ኛ. ንግግር፦ ቃል መኮላተፍ፣ መናገር ማቃት ወይም የሚነገርን ነገር አለመረዳት፤
4ኛ. ዓይን፦ አንዱ ዓይን እንደ መጋረጃ ተጋርዶበት ለጥቂት ጊዜ አለማየት፤
5ኛ. ሚዛን፦ በድንገት መንገዳገድና ከሌሎቹ ምልክቶች ጋር የሚመጣ ኃይለኛ ማዞር።

ዋናው መለያ ነገሩ በድንገት መምጣቱና አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ጎን መሆኑ ነው። የአንጎል ግራ ክፍል የሰውነትን ቀኝ ጎን፣ ቀኙ ደግሞ ግራውን ያዛል። ስለዚህ አንዱ ጎን ብቻ ሲከዳ ጥርጣሬው ወደ አንጎል መሄድ ይኖርበታል። ጎንን ተጭኖ በመተኛት የሚመጣ የእጅ መደንዘዝ ወይም በረሃብና በድካም የሚመጣ ራስን መሳት ሌላ ምክንያት ሊኖረው ይችላል። ያም ቢሆን ለይቶ የሚናገረው የጤና ባለሙያ እንጂ ጎረቤት አይደለም። ለምሳሌ የስኳር በሽታ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ስኳሩ ከመጠን በላይ ሲወርድ ስትሮክ የሚመስል ምልክት ሊያሳይ ይችላል፤ ይህም ከጣት ጫፍ በሚወሰድ አንድ ጠብታ ደም ወዲያው ይታወቃል።

«አለፈልኝ» ማለት ለምን አደገኛ ሆነ?

እ.ኤ.አ. በ2000 በአሜሪካ በካሊፎርኒያ ግዛት 1,707 ጊዜያዊ ስትሮክ የደረሰባቸውን ሰዎች የተከታተለ ጥናት ይፋ ሆኖ ነበር። ከእነዚህ ሰዎች ውስጥ ከ100 ከ10 የሚበልጡት በ90 ቀናት ውስጥ ዋናው ስትሮክ ደርሶባቸዋል። ይበልጥ የሚያስደነግጠው ግን ከእነዚህ ግማሽ ያህሉ የተመቱት በመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት ውስጥ መሆኑ ነው። «ለገበያ ቀን እወጣለሁና ያን ጊዜ እታያለሁ» የሚል ሰው ይህን ቁጥር ልብ ይበለው።

ነገሩ ተስፋ የሚያስቆርጥ ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2007 በእንግሊዝ አገር በኦክስፎርድ አካባቢ የተደረገ ጥናት፣ ጊዜያዊ ወይም ቀላል ስትሮክ የደረሰባቸው ሰዎች ሳይዘገዩ ሲታከሙ በ90 ቀናት ውስጥ በስትሮክ የሚመቱት ከ100 ሰው 10 ገደማ የነበረው ወደ 2 ገደማ እንደወረደ አሳይቷል። ልዩነቱን ያመጣው አዲስ የተፈለሰፈ ውድ መድኃኒት አልነበረም። የታወቁትን መድኃኒቶች በሳምንታት ፈንታ በዕለቱ መጀመር ነው።

አርሶ አደር ይህን ከማንም በላይ ያውቀዋል። በስንዴው ላይ ቢጫ ዋግ በጥቂት ቅጠሎች ላይ ሲታይ «ጥቂት ናት፣ ትጠፋለች» ብሎ የሚተኛ ብልህ ገበሬ የለም። ቅጠሉ ላይ ያለችው ትንሽ ምልክት የምትናገረው ስለ ማሳው ሁሉ ነው። ጊዜያዊ ስትሮክም እንደዚሁ ነው።

ምልክቱ ሲታይ ምን ይደረግ?

በመጀመሪያ ምልክቱ የጀመረበት ሰዓት ይያዝ። ሰውየው መጨረሻ ጤነኛ ሆኖ የታየው ስንት ሰዓት እንደነበር ሐኪሙ መጠየቁ አይቀርም። በዋናው ስትሮክ ጊዜ የረጋውን ደም የሚያሟሟው መርፌ፣ አገልግሎቱ ባለበት ሆስፒታል ሊሰጥ የሚችለው አብዛኛውን ጊዜ ምልክቱ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ስለሆነ ሰዓቱ ትልቅ ዋጋ አለው።

ቀጥሎ ለአምቡላንስ ይደወል። አምቡላንስ ከዘገየ በተገኘው ተሽከርካሪ፣ መንገድ ከሌለ በቃሬዛ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ይወሰድ። ታማሚው ራሱን ከሳተ ወይም የሚያስመልሰው ከሆነ በጎኑ ይተኛ። የሚወስዳቸው መድኃኒቶች ካሉ ከነማሸጊያቸው አብረው ይያዙ። ምልክቱ በመንገድ ላይ ቢለቅም ጉዞው አይቋረጥ።

ምን አይደረግ?

በአፍ ምንም ነገር አይሰጠው። ምልክቱ በዘለቀበት ጊዜ መዋጥ ስለሚያስቸግር ውኃም ሆነ ቡና፣ የተወቀጠ ፌጦም ሆነ ነጭ ሽንኩርት ወደ ሳንባ ሊገባበት ይችላል።

የጎረቤት የደም ግፊት ክኒን አይሰጠው። ግፊቱ በድንገት ሲወርድ ደም ያጠረውን የአንጎል ክፍል ይበልጥ ሊጎዳው ይችላል።

አስፕሪንም በቤት ውስጥ በግምት አይሰጠው። አንዳንዱ ስትሮክ የሚመጣው የደም ሥር ተደፍኖ ሳይሆን ፈንድቶ ነው። አስፕሪን ለተደፈነው ይጠቅማል፤ ለሚደማው ግን ይጎዳል። ሁለቱን በዓይን አይቶ መለየት አይቻልም፤ የሚለያቸው ሲቲ ስካን የተባለው የራስ ምርመራ ነው።

ዋግምት ማስመታት፣ መብጣትና ማሸትም ሰዓት ያባክናሉ እንጂ የተደፈነ የደም ሥር አይከፍቱም።

በጤና ተቋም የሚደረገው

በጤና ጣቢያ የደም ግፊት፣ የልብ ምትና የስኳር መጠን ይለካል፤ ታማሚውም የሪፈር ወረቀት ይዞ ወደ ሆስፒታል ይላካል። በሆስፒታል እንደ አቅሙ ሲቲ ስካን፣ የልብ ምርመራና የአንገት የደም ሥር አልትራሳውንድ ይደረጋል። የደም መፍሰስ አለመኖሩ ከተረጋገጠ በኋላ ሐኪሙ የደም መርጋትን የሚከላከሉ መድኃኒቶች ያዛል። ለአንዳንዱ ታማሚ አስፕሪንና ክሎፒዶግሬል የተባሉት ሁለቱ መድኃኒቶች ለ21 ቀናት ያህል አብረው ይሰጡና ከዚያ በኋላ አንዱ ብቻ ይቀጥላል። የልብ ምቱ የተዛባ ታማሚ ደግሞ እንደ ዋርፋሪን ያለ ሌላ ዓይነት መድኃኒት ያስፈልገዋል። ዋርፋሪን በየጊዜው የደም ምርመራ የሚጠይቅ መድኃኒት ስለሆነ ቀጠሮ ማሳለፍ አይገባም። በተጨማሪም የስብ መጠንን የሚቀንስና የደም ግፊትን የሚቆጣጠር መድኃኒት ይታዘዛል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። እነዚህ መድኃኒቶች እንደ ወባ መድኃኒት በጥቂት ቀናት የሚያልቁ አይደሉም። አብዛኞቹ ዕድሜ ልክ የሚወሰዱ ናቸው። «ተሻለኝ» ብሎ ማቆም የቦዩን በር እንደገና ለደለል መክፈት ነው።

መከላከያው

ስትሮክን ስለሚያመጡ ምክንያቶች በ32 አገሮች የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ የሆነው ጥናት፣ ከስትሮክ 90 በመቶ ያህሉ ሊለወጡ ከሚችሉ 10 ምክንያቶች ጋር የተያያዘ መሆኑን ገልጿል። ከሁሉም ግንባር ቀደሙ የደም ግፊት ነው።

የደም ግፊት፦ የደም ግፊት ድምፅ የለውም። ራስ ምታት ሳያመጣ፣ እንቅልፍ ሳይነሣ ለዓመታት የደም ሥርን ይቦረቡራል። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2015 በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከ15 እስከ 69 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ሰዎች ከመቶው 16 ያህሉ ከፍተኛ የደም ግፊት ተገኝቶባቸዋል። ግፊት በተለያየ ቀን ተለክቶ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ከፍተኛ ይባላል። ልኬቱ ትክክል እንዲሆን ከመለካት በፊት 5 ደቂቃ ያህል ቁጭ ብሎ ማረፍ፣ በግማሽ ሰዓት ውስጥም ቡና፣ ጫትና ሲጋራ አለመውሰድ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2001 ይፋ የሆነ፣ ስትሮክ ወይም ጊዜያዊ ስትሮክ የነበረባቸው ከ6 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት፣ የግፊት መድኃኒት የወሰዱት እንደገና በስትሮክ የመመታት ዕድላቸው በ28 በመቶ ያህል መቀነሱን አሳይቷል።

ጨው፦ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ ጨው ነው። ይህ መጠን ወጥ ውስጥ ያለውን፣ በርበሬና ሚጥሚጣ ውስጥ የተቀላቀለውን፣ ዳቦ ውስጥ የገባውን ሁሉ ይጨምራል። ቡና በጨው በሚጠጣባቸው አካባቢዎች ደግሞ በቀን ሦስት ጊዜ ሲፈላ ስንት ሲኒ ጨው ያለበት ቡና እንደሚጠጣ እያንዳንዱ ቤተሰብ ሊያሰላው ይችላል። ወጡ ከወጣ በኋላ ጨው አለመነስነስ፣ ቡናውንም ያለ ጨው መልመድ ምንም ወጪ የለውም።

ትንባሆ፣ ጫትና መጠጥ፦ ሲጋራና ጋያ የደም ሥርን ይጎዳሉ፤ ደምንም ለመርጋት ያዘጋጃሉ። ጫት የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል። አረቄ ሲበዛ ግፊትን ያንራል፤ የልብ ምትንም ያዛባል። ጊዜያዊ ስትሮክ ያጋጠመው ሰው ሲጋራና ጫትን ፈጽሞ ቢተው፣ አረቄንም ቢርቅ ይመረጣል።

የስኳር በሽታ፦ የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ስኳሩን፣ ግፊቱንና እግሩን አብሮ መከታተል አለበት።

የልብ በሽታ፦ በአገራችን ስትሮክ የሽማግሌ በሽታ ብቻ አይደለም። ልጆች የጉሮሮ ሕመም ሲይዛቸው በወቅቱ በፔኒሲሊን ካልታከሙ ከጊዜ በኋላ የልብ በር ሊበላሽባቸው ይችላል። የተበላሸ የልብ በር ደግሞ ደም እንዲረጋ በማድረግ ገና በወጣትነት ዕድሜ ስትሮክ ያመጣል። እንጥል ማስቆረጥ ይህን አያስቀርም፤ ሌላ ጉዳት ያስከትላል እንጂ። ልጁን ጤና ጣቢያ ማሳከም ከ20 ዓመት በኋላ የሚመጣን ስትሮክ መከላከል ነው።

ምግብና እንቅስቃሴ፦ አርሶ አደር በእርሻ ወቅት በቂ እንቅስቃሴ ያደርጋል። ችግሩ ያለው ሥራ ሲቀዘቅዝና ኑሮ ወደ ከተማ ሲቀየር ነው። በቢሮ የሚውሉ ሠራተኞችና አመራሮች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ያህል ፈጠን ብለው ቢራመዱ ይጠቅማቸዋል። ጎመን፣ ምስርና ባቄላ፣ ፍራፍሬም በየጓሮው ያሉ መድኃኒቶች ናቸው። ቅቤና ጮማ ለበዓል እንጂ ለዘወትር አይሆኑም።

ሰውን የሚያዘገዩ ምክንያቶች

ሰዎች ምልክቱን አይተው የሚዘገዩት ሕይወታቸውን ስለማይወዱ አይደለም። ምክንያት አላቸው።

አንደኛው እምነት ነው። ብዙዎች ሕመሙን የምች፣ የነፋስ ወይም የዓይነ ጥላ ሥራ ያደርጉታል። ጠበል መጠመቅና ጸሎት ማድረግ ለአማኙ ትልቅ መጽናኛ ነው። የሚጎዳው «ጠበል ከጀመርኩ ክኒን አልወስድም» ማለቱ ነው። እንዲሁም በጾምና በረመዳን ወቅት መድኃኒት የሚያቋርጡ አሉ። የግፊት ክኒን ብዙውን ጊዜ በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰድ በመሆኑ ሰዓቱን ከባለሙያ ጋር ተመካክሮ ማስተካከል ይቻላል። በራስ ፈቃድ ማቋረጥ ግን አይገባም።

ሁለተኛው ገንዘብ ነው። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሮ ከዚያ ወዲህ ወደ ብዙ ወረዳዎች የተስፋፋው የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ለዚሁ የታሰበ ነው። መድኑ የሚያገለግለው ግን መዋጮውን በወቅቱ ላሳደሰና የሪፈር ቅደም ተከተሉን ለጠበቀ ነው። ከታመሙ በኋላ ልመዝገብ ማለት ቤት ከተቃጠለ በኋላ ውኃ መቅዳት ነው።

ሦስተኛው ሥራ ነው። በምሳሌው ላይ የታዩት አርሶ አደር «ውቂያው ይጠናቀቅ» ያሉት በስንፍና ወይም በድንቁርና አይደለም። አውድማ ላይ ያለ እህል ዝናብ ቢመታው የዓመት ልፋት ገደል እንደሚገባ ስለሚያውቁ ነው። ስለዚህ «ቶሎ ሂዱ» ማለት ብቻውን በቂ ምክር አይሆንም። አውድማውን ማን ይጠብቃል ለሚለው ጥያቄ መልስ መስጠት ያስፈልጋል። መልሱም በማኅበሩ እጅ ነው።

ከማኅበራትና ከአመራር አካላት የሚጠበቀው

አንደኛ፣ ጠቅላላ ጉባኤ በሚካሄድበትና ማዳበሪያ በሚከፋፈልበት ዕለት አባላት ተሰልፈው ይውላሉ። በዚያው ሰልፍ ከጤና ጣቢያ ባለሙያ ጋር በመነጋገር ግፊት ማስለካት ይቻላል። ማኅበሩ ጠቅላላ ጉባኤው ከወሰነ ለማኅበራዊ አገልግሎት ከሚይዘው ገንዘብ አንድ የግፊት መለኪያ ቢገዛ ለብዙ ዓመት ያገለግላል። ጆንያ ሲመዘን የኖረበት መጋዘን ሰውንም ቢለካ ያምርበታል።

ሁለተኛ፣ የአምቡላንስ ስልክ ቁጥር በመጋዘኑ በር ላይ በትልቁ ተጽፎ ይለጠፍ። አምቡላንስ በሌለበት ጊዜ የዩኒየኑ የጭነት መኪና ታማሚን እንዲያደርስ አስቀድሞ ውሳኔ ይተላለፍ፤ ሾፌሩ በዚያ ሰዓት ፈቃድ ፍለጋ መንከራተት የለበትም።

ሦስተኛ፣ ምርት ተሽጦ ገንዘብ በእጅ በሚገኝበት ወቅት፣ በአባሉ ፈቃድ የጤና መድን መዋጮው በዚያው እንዲከፈል ይመቻች።

አራተኛ፣ ለታመመ አባል ደቦ ይውጣ። አባቶች በደቦ ሲያርሱ፣ ሲያጭዱና ሲወቁ ኖረዋል። አንድ አባል የስትሮክ ምልክት ታይቶበት ወደ ሐኪም ቤት ሲሄድ ቀሪዎቹ አባላት አውድማውን ተረክበው ውቂያውን የሚጨርሱበት ደንብ በየማኅበሩ ቢወጣ፣ ማንም ሰው በጤናውና በእህሉ መካከል ለመምረጥ አይገደድም።

አምስተኛ፣ የወረዳ አመራሮች በበኩላቸው እንደ አምሎዲፒን ያሉ የግፊት መድኃኒቶች ከጤና ጣቢያ እንዳይጠፉ፣ አምቡላንስም በነዳጅና በጎማ ምክንያት እንዳይቆም መከታተል ይጠበቅባቸዋል። መድኃኒት ፍለጋ ሁለት ጊዜ ተመላልሶ ያጣ ሰው ሦስተኛ ጊዜ ላይመጣ ይችላል።

የተከበራችሁ አባላትና አመራሮች፣

በመግቢያው ላይ የቀረበው ምሳሌ በሌላ መልኩም ሊጠናቀቅ ይችል ነበር። መጋዘን ጠባቂው ወጣት «ጋሼ፣ ፈገግ ይበሉ እስቲ፤ ሁለት እጅዎን ያንሡልኝ» ይላቸዋል። የአንዱን እጅ መውደቅ አይቶ ሰዓቱን ይመለከታል፤ በሩ ላይ ወደተጻፈው ቁጥር ይደውላል። እርሳቸው ተሽሏቸው «ሚዛኑን ጨርስልኝ» ቢሉ፣ «ሚዛኑ አይጠፋም፤ ስንዴዎም በደረሰኝ በስምዎ ይቀመጣል። አሁን ሐኪም ቤት ነው የሚሄዱት» ብሎ ይመልሳል። ጎረቤቶቻቸው አህያዎቹን ነድተው ይወስዳሉ፤ በማግሥቱ አውድማው ላይ ደቦ ይወጣል። አርሶ አደሩ ከጥቂት ቀናት በኋላ በየዕለቱ የሚወስዱትን ክኒን ይዘው፣ በራሳቸው እግር ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። በሚቀጥለው ዓመት በሰኔ የማዳበሪያ ሰልፍ ላይ ተራቸውን ሲጠብቁ ይገኛሉ።

በሁለቱ ታሪኮች ውስጥ ሰውየው አንድ ናቸው፤ በሽታውም አንድ ነው። የተለያየው በዙሪያቸው ያለው ሰው ያወቀውና ያደረገው ነገር ነው። የኅብረት ሥራ ማኅበር ትርጉሙም ይኸው ነው፤ አንዱ ያቃተውን ብዙዎች ሆኖ መሸከም። ምልክቱን የሚያውቅ፣ ሰዓቱን የሚይዝ፣ ስልኩን የሚደውል፣ አውድማውን የሚረከብ ሰው በየማኅበሩ ይኑር። አበው ሲተርቱ «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእንዲህ ዓይነቱ ነገር ነው።

መጪው የምርት ዘመን የጤናና የጥጋብ ይሁን!